50 ሰው ካልሞላ አናትምም

ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ልጅ ከዳላስ ደወለልኝ። ስልኬን ያገኘው ከጓደኛዬ ነው። «ቲሸርት ልጀምር ነው፤ እንደ እናንተ ዲዛይኑን አባላት እየመረጡ፣ ሰው አስቀድሞ እየከፈለ» አለኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። ዘግቼ እራት ስበላ ግን ዋናውን ነገር እንዳልነገርኩት ገባኝ። ስለ ህትመት አወራን፣ ስለ ዋጋ አወራን፣ ስለ ገንዘቡ ጠባይ ግን አላወራንም። ስለዚህ እዚህ ልጻፍለት። ሌላም ሰው ይጠቅመው ይሆናል።

ሥራችን እንዲህ ነው። በአማርኛ ፊደል ዲዛይን የሚሠሩ ልጆች አሉ። አብዛኞቹ አዲስ አበባ ናቸው፣ ጥቂቶች እኔ የምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ (አሜሪካ፣ ሜሪላንድ) አካባቢ፣ አንዷ ስቶክሆልም፣ አንዱ ቴል አቪቭ። ዲዛይን ይልካሉ። አባላት ያዩታል፣ ይከራከሩበታል፣ ይመርጡታል። የተመረጠው ለ3 ሳምንት ለቅድመ ክፍያ ይከፈታል፤ ይህን ዘመቻ እንለዋለን። 50 ሰው ከከፈለ ይታተማል። 49 ከሆነ ገንዘቡ ለሁሉም ይመለሳል። አለቀ።

ለምን 50? ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እኛ የምናትመው በስክሪን ፕሪንት ነው። ወንፊት የመሰለ ስስ ጨርቅ ፍሬም ላይ ይወጠራል፣ ብርሃን ሲነካው የሚደርቅ ነገር ይቀባል፣ ዲዛይኑ ያለበት ቦታ ብቻ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ቀለሙ በላስቲክ መጥረጊያ እየተገፋ በክፍቱ በኩል ቲሸርቱ ላይ ያርፋል። ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፍሬም ያስፈልጋል። ሦስት ቀለም ማለት ሦስት ፍሬም ነው። ይሄ ሁሉ ዝግጅት ለ1 ቲሸርትም ለ500 ቲሸርትም እኩል ነው። አንድ ብታትም ዝግጅቱ ያንን አንዱን ያስወድደዋል፣ 50 ብታትም ለ50 ይከፋፈላል። ሰው ሲያዝ አንድ በአንድ እያተሙ የሚልኩ ድርጅቶችም አሉ፤ ለጀማሪ መጥፎ አይደሉም። እኛ የተውነው ለዲዛይነሩ የሚተርፈው ስለሚያንስ፣ ደግሞም ቲሸርቱን በእጃችን ሳንነካው ሰው ጋ ስለሚደርስ ነው።

የሐሳቡ ባለቤት እኔ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2000 ቺካጎ ውስጥ ጄክ ኒኬልና ጄኮብ ዲሃርት የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በ1,000 ዶላር ትሬድለስ የሚባል የቲሸርት ድርጅት ጀመሩ። ማንም ዲዛይን ይልክ ነበር፣ ሕዝቡ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጥ ነበር፣ ያሸነፈው ይታተም ነበር። ቲስፕሪንግ የሚባለው ሌላ የቲሸርት ድርጅት ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ እዚያው አሜሪካ ፕሮቪደንስ ከተማ ሲመጣ ሌላ ነገር ጨመረ፤ የታሰበው ቁጥር ካልሞላ ከማንም ገንዘብ አይወሰድም ነበር። እኛ ሁለቱን ነው ያገናኘናቸው። ከአንደኛው ምርጫውን፣ ከሁለተኛው «ካልሞላ የለም» የሚለውን።

ደግሞ አስቀድሞ መክፈል ለእኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ታላቁ ሩጫ እ.ኤ.አ. በ2001 አዲስ አበባ ሲጀመር ያደግን ልጆች እናውቀዋለን። ትመዘገባለህ፣ ትከፍላለህ፣ ቲሸርቷን ትቀበላለህ፣ እሁድ ጠዋት ከተማው በአንድ ቀለም ይሞላል። ብዙ ሰው የሚከፍለው ለሩጫው ብቻ አይደለም፣ ከዚያ ሕዝብ መሀል ለመቆጠር ነው። ያንን ካየ ሰው ጋር ስለ ቅድመ ክፍያ ማስረዳት ቀላል ነው።

የመጀመሪያው ዲዛይናችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ነበር። ዲዛይነሩ በእጁ 50 ሎሚ ሣለ፣ አንዱ ከአንዱ የማይመሳሰል። እኔ ዛሬም ሳየው ደስ ይለኛል። አባላት ወደዱት። አስተያየቱ ብቻ ተነቦ አያልቅም ነበር፤ «በጣም ያምራል»፣ «ልቤን ነካው»፣ «እናቴ ብታየው»። ከሌሎቹ ሁሉ ብዙ ድምፅ አገኘ። ለክፍያ ከፈትነው። 3 ሳምንት ቆየን። 31 ሰው ከፈለ።

ለ31 ሰው ገንዘብ መመለስ ከባድ ነው። ዲዛይነሩን መንገር ደግሞ ይብሳል።

ቀጥሎ የመጣው ከአንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ጥቁር ቲሸርት፣ ደረቱ ላይ በነጭ አንድ ቃል፦ «እንዴ!»። ሌላ ምንም የለውም። በምርጫው ሦስተኛ ነበር የወጣው፣ የተከፈተውም የመጀመሪያው ስላልሞላ ነው። በ6 ቀን 50 ሞላ፣ ሲዘጋ 118 ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። ሎሚዎቹን ሰው ያየው እንደ ሥዕል ነው። ግድግዳ ላይ ቢሆን ይሰቅለው ነበር። ቲሸርት ግን ሰው ለብሶት ሲወጣ ከአፉ እንደሚወጣ ቃል ነው። «እንዴ!»ን ሁላችንም በቀን አሥር ጊዜ እንላታለን። እህቴ ስትገረም፣ ጓደኛዬ ሲያረፍድ፣ ሒሳብ ሲመጣ። ሰው የራሱን ድምፅ ያገኘበትን ነው የሚገዛው። መውደድና መግዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ግን አንዱን ለሌላው መውሰድ አይቻልም። ትሬድለስም ይህን ቀድሞ ገብቶት ነበር፤ ነጥብ ከመስጠቱ ጎን «ቢታተም እገዛዋለሁ» የሚል ምልክት ነበረው። እኛም አሁን በምርጫው ላይ የምንጠይቀው «ወደድከው ወይ?» ሳይሆን «የት ልትለብሰው ነው?» የሚል ሆኗል። መልስ ያጣ ዲዛይን ብዙ ጊዜ አይሞላም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ከዳላስ ለደወለው ልጅ ያልነገርኩት ይሄንን ነው።

በመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚከፍለው በዜል፣ ማለትም ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ ገንዘብ በሚላክበት መንገድ፣ ወደ ራሴ ሒሳብ ነበር። እዚህ አገር እቁብም መዋጮም የሚሰበሰበው በዜል ስለሆነ ማንም አልገረመውም። «እንዴ!» ሲዘጋ ሒሳቤ ውስጥ ወደ 3,000 ዶላር የሰው ገንዘብ ተቀመጠ። ከዚያ ወሩ ገባ። የቤት ኪራዬ በራሱ የሚቆረጥ ነው። ደመወዜ ሁለት ቀን ዘገየ፣ ኪራዩ ተቆረጠ። ማለትም ለሁለት ቀን በቲሸርት ገንዘብ ኪራይ ከፈልኩ። ደመወዙ ገባና ተካሁት። ማንም አላወቀም። ዛሬ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገረው።

ያን ማታ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ ለዓመታት የሰፈራችን እቁብ ጸሐፊ ነበረች። ገንዘቡን በመሀረብ ቋጥራ ሳጥን ውስጥ ከነጠላዋ ሥር ታስቀምጥ ነበር። ቤት ውስጥ ዘይት አልቆ ከጎረቤት ሲበደር፣ መሀረቡ እዚያው ሳጥን ውስጥ ነበር። ልጅ ሆኜ «ለምን ከዚያ አትወስጂም፣ ነገ ትተኪው የለም?» ብያት አውቃለሁ። «የሰው ነዋ» አለችኝ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመረችም።

በማግስቱ ባንክ ሄጄ ሌላ ሒሳብ ከፈትኩ። ከዚያ ሒሳብ የሚወጣው ለማተሚያ ቤት፣ ለፖስታ፣ ለዲዛይነርና ለታክስ ብቻ ነው። ካርድ አላወጣሁለትም። ዘመቻው ሲዘጋ ምን ገባ፣ ምን ወጣ የሚለውን ፎቶ አንስቼ ለከፋዮቹ ሁሉ እልካለሁ። ብዙዎቹ አያነቡትም። አንዳንዶቹ ግን ይቆጥሩታል፣ አንዴም 8 ዶላር ተሳስቼ አስተካክለውኛል።

ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህችን ያዝ። 50 ሰው ሲሞላ ገንዘብ ያገኘህ ይመስልሃል። አላገኘህም። ዕዳ ነው የገባህ። ቲሸርቱ ሰውየው እጅ እስኪገባ፣ ለብሶት ልኩ እስኪሆን ድረስ ያ ገንዘብ የሱ ነው። ኪክስታርተር የሚባለው፣ ሰው ለአዲስ ሥራ በኢንተርኔት ገንዘብ የሚሰበስብበት ድረ ገጽ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀምር ግቡ ካልሞላ ምንም ገንዘብ አይንቀሳቀስም የሚለውን ደንብ ይዞ መጣ፣ ሲሞላ ደግሞ 5 በመቶ ይወስዳል። ጥሩ ደንብ ነው። ግን ደንቡ የሚጠብቀው እስኪሞላ ድረስ ያለውን ነው። ከሞላ በኋላ ያለውን የሚጠብቀው ያው ሰብሳቢው ራሱ ነው። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ደግሞ እዚያ በራሱ ስም ዘመቻ መክፈት አይችልም፣ ኢትዮጵያ ከተፈቀደላቸው አገሮች ውስጥ የለችም። ስለዚህ የሱ ሥራ በእኔ ስም፣ የሱ ገንዘብ በእኔ ሒሳብ ያልፋል። አደራው ከሁለት በኩል ነው፤ ከከፋዩም ከሠሪውም።

ሒሳቡን በግልጽ ላስቀምጠው። አንድ ቲሸርት 25 ዶላር ነው። ጨርቁና ህትመቱ 11 ይወስዳል። ማሸጊያና ፖስታ 6። የክፍያ ወጪ 1። ዲዛይነሩ 4። የቀረው 3 ዶላር መጠባበቂያ ነው፤ ለሚጠፋ ዕቃ፣ ለሚቀየር ሳይዝ፣ ለሚበላሽ። የእኔ ድርሻ የለበትም። እኔ በቀን ሌላ ሥራ አለኝ። አንተ ከዚህ መኖር ከፈለግህ ዋጋውን መጀመሪያውኑ ሌላ አድርገው፣ ከመጠባበቂያው ግን አትንካ። ሜሪላንድ ውስጥ ልብስ ላይ 6 በመቶ የሽያጭ ታክስ አለ፣ ፔንሲልቬንያ ብትሻገር አብዛኛው ልብስ ላይ የለም። ይሄን የሚያውቅ ሒሳብ ሠራተኛ ለአንድ ሰዓት መክፈል ያዋጣል።

ዲዛይነሩ የሚከፈለው ዘመቻው በሞላ በማግስቱ ነው። ቲሸርቱ እስኪታተም፣ እስኪደርስ አንጠብቅም። የሱ ሥራ አልቋልና። አንድ ገጽ ውል አለን፤ ሥዕሉ የሱ ሆኖ ይቀራል፣ እኛ የምናትመው የተስማማንበትን ያህል ብቻ ነው።

ክርክር ከወደድክ ደግሞ የአማርኛ ቲሸርት ጀምር። «ስራ ላይ ነኝ» የሚል ዲዛይን መጥቶ ተመረጠ፣ ለክፍያ ተከፈተ፣ 22 ሰው ከከፈለ በኋላ አንዱ «ሥራ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው፣ በእሳቱ ሰ የጻፈውን እኔ አልለብስም» አለ። ሌላው «ጋዜጣው ሁሉ በዚህ ነው የሚጽፈው፣ ምን ችግር አለው?» አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሠ እና ሰ ተነጋገርን። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ ኋላ ግን ወደድኩት። ሰው ስለ ፊደሉ እንዲህ የሚቆረቆርበት ቦታ ስንት አለ? አሁን አብረውን ያሉ፣ ቅኔ የተማሩ አንድ አባት አሉ፤ ሁላችንም መምህር ነው የምንላቸው። ማንኛውም ቃል ለክፍያ ከመከፈቱ በፊት እሳቸው ያዩታል። ፀሐይ ሲሆን በፀሐዩ ፀ፣ ጸሎት ሲሆን በጸሎቱ ጸ። ዲዛይነሩ ሆን ብሎ ሌላ መንገድ ከመረጠ መብቱ ነው፣ ግን እያወቀ ይምረጥ። ሰው ከከፈለ በኋላ ፊደል አንቀይርም።

ትልቁ ጥፋታችን የደረሰውም በፊደል ነው። ያውም በእኔ።

«ሌሊት» የሚል ዲዛይን ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ነው የሠራው፣ ግን እዚህ ያለውን ሰው አስቦ ነው። ሌሊት የሚሠሩ ነርሶች፣ የፓርኪንግ ሠራተኞች፣ የታክሲ ሾፌሮች፣ ማደያ የሚያድሩ። በጥቁር ሰማያዊ ቲሸርት ላይ በግራ ደረት፣ ትንሽ፣ ፊደሉ አንድ ሴንቲሜትር የማይሞላ። እኔም ሁለት ዓመት ሌሊት ሠርቻለሁ፣ ስለዚህ ይሄንን ዲዛይን እንደ ራሴ ነው የያዝኩት። 64 ሰው ከፈለ።

ማተሚያ ቤቱ የመጀመሪያዋን አትሞ ፎቶ ላከልኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ። በስልኬ አየሁት፣ «ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ» አልኩ። ካርቶኖቹ ቤት ደርሰው ስከፍት ጉልበቴ ራደ። «ሌ» እና «ሊ» እግራቸው ላይ ነው የሚለያዩት፤ ሌ ትንሽ ቀለበት አላት፣ ሊ አግድም ጭረት። ፊደሉ በጣም ትንሽ ስለሆነ ቀለሙ ቀለበቷን ሞልቷታል። 64 ቲሸርት ላይ «ሊሊት» ተጽፏል። ማተሚያ ቤቱ አማርኛ አያነብም፣ አይፈረድበትም። ያጸደቅሁት እኔ ነኝ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ጠዋት እስኪሆን ብጠብቅ ማለሳለስ እንደምጀምር ስላወቅሁ ወዲያው ጻፍኩላቸው። ፎቶውን አያይዤ፣ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ ሦስት ምርጫ እንዳለ። ገንዘብ መመለስ፣ እንደገና እስኪታተም መጠበቅ፣ ወይም ይሄንኑ መውሰድ። 2 ሰዎች ገንዘባቸውን ፈለጉ፣ በዚያው ቀን ላክሁ። 43 እንጠብቃለን አሉ። 19 ይሄንኑ ላክልን አሉ። አንዲት ነርስ «ከሌሊት ሥራ ስወጣ እኔም እንደዚህ ነው የምናገረው» ብላ ጻፈችልኝ፣ ያንን መልእክት እስካሁን አላጠፋሁትም። ልጁ ከአዲስ አበባ «የኔን ድርሻ ተወው፣ ለእንደገና ህትመቱ ይሁን» አለኝ። እንቢ አልኩ። የሱ ፋይል ትክክል ነበር። መጠባበቂያው አልበቃም፣ ከ300 ዶላር በላይ ከኪሴ ጨመርኩ። በሁለተኛው ህትመት ፊደሉን አሳደግነው፣ ቀለበቷንም ሰፋ አደረግናት።

አሁን የመጀመሪያዋ ቲሸርት ስትወጣ ራሴ እሄዳለሁ። በእጄ እይዛታለሁ፣ ሁለት ሜትር ርቄ አነባለሁ። ከአንድ ሴንቲሜትር ተኩል በታች ፊደል አንልክም። ፋይሉን ስትልክም ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይረህ ላክ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የአንተ ፎንት ከሌለ የሚታየው ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም ቀለሙ በደንብ መብሰሉን ጠይቅ። የተለመደው የፕላስቲሶል ቀለም ወደ 160 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልሞቀ ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ይሰነጣጠቃል። እኔ ከእያንዳንዱ ህትመት አንዷን ወስጄ አምስት ጊዜ አጥባለሁ።

ስለ መላኪያ ብዙ አልልም። አሜሪካ ውስጥ ቀላል ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጁላይ ጀምሮ ትንሽ ዕቃም ሲገባ ቫት ይከፈልበታል። እኛ ይሄን ሳናውቅ ስቶክሆልም ላክን፣ ስዊድን ደግሞ ቫቱ 25 በመቶ ነው፤ እህቶቻችን ዕቃቸውን ሊወስዱ ሲሉ ተጨማሪ ክፈሉ ተባሉ። አሁን የአውሮፓውን ሁሉ በአንድ ካርቶን ለስቶክሆልሟ ልጅ እንልካለን፣ ቫቱን እኛ እንከፍላለን፣ እሷ ታከፋፍላለች። ቀንም አስብ። የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ውድድር በጁላይ መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ ሰው ለዚያ ሳምንት ያዘዘው ቲሸርት በማግስቱ ቢደርስ ምን ያደርግለታል? ለዚያ የሚሆነውን በማርች እንከፍታለን፣ በሜይ መጨረሻ ካርቶኑ ቤት መሆን አለበት።

ይሄን ስጽፍ አንድ ዘመቻ ክፍት ነው። የስቶክሆልሟ ልጅ ሥራ ነው፤ «ቡና ጠጡ» ይላል፣ ፊደሎቹ ከረከቦት ላይ እንደተደረደሩ ሲኒዎች ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ማታ ይዘጋል። አሁን 43 ነው። ትናንት ደውላ «ሰባቱን እኔ ልግዛቸውና ይሙላ?» አለችኝ። ገባኝ፣ እኔም ለሎሚው ጊዜ አስቤው ነበር። «ተይ፣ ቅዳሜን እንጠብቅ» አልኳት። የ43ቱን ስም ዝርዝር አውጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። ካልሞላ ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት እመልስላቸዋለሁ።